«ሞልቶ አያውቅም»

ጎንደር ውስጥ ቤት ሲሸጥ ደላላ የማይረሳት አንዲት ነገር አለች። ግቢው ሰፊ ነው ይላል። ካርታ አለው፣ መኪና ያስገባል፣ ጎረቤቱ ሰላም ነው። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ሽንት ቤቱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞልቶ አያውቅም» ይላል። ገዢው ፈገግ ይላል። ለምን አይል? መምጠጫ መኪና ስንት ቀን ለምኖ፣ ለሹፌሩ ጉርሻ ጨምሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እያየው ከማስመጠጥ፣ ዝም ብሎ የሚውጥ ጉድጓድ ማግኘት መታደል ነው።

እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ታዲያ የት ሄደ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ አዋቂ ሰው በዓመት ወደ 500 ሊትር ሽንትና 50 ሊትር ገደማ ዓይነ ምድር ያወጣል። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ይህ ከ3,000 ሊትር ያልፋል። የገላና የልብስ ውሃ ገና አልተቆጠረም። በሠላሳ ዓመት መቶ ሺህ ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጉድጓዱ ግን ያው ጉድጓድ ነው። ጠጣሩ በስብሶ ይሟሽሻል፣ ልክ ነው። ፈሳሹ ግን ሄዷል። ወይ ወደ ታች፣ ወይ ወደ ጎን። ከታች ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ።

ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። በአካባቢ ጤና ተመርቄ ጥቂት ዓመት መንግሥት ቤት ሠራሁ። አሁን በግሌ ለመኖሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለትንንሽ ሆቴሎች የፍሳሽ ጉድጓድ ቦታ እመርጣለሁ፣ ግንባታውንም እቆጣጠራለሁ። ሠርግ ላይ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ግንባታ» ብዬ አልፋለሁ። በተለይ ወጡ እየቀረበ ከሆነ።

አባቴ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት፣ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ጎን ለጎን እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሰው በተቅማጥ ሲመጣ መኮንኑ ያክማል። ሳኒታሪያኑ ደግሞ የበሽተኛውን መንደር ጠይቆ፣ በቅሎ ተከራይቶ፣ ምንጩን ሊያይ ይወጣል። አባቴ ምንጭ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ ውሃውን አያይም። ቀና ብሎ ከምንጩ በላይ ማን እንደሚኖር ያያል። እኔም ይህ ልማድ ተጋብቶብኛል። ሽርሽር ወጥተን እንኳ ከወንዙ በላይ ያሉትን ቤቶች እቆጥራለሁ። ጓደኞቼ ተማርረዋል።

የከተማችንን የቧንቧ ውሃ የምትጠጡ ሁሉ የአንገረብ ባለዕዳ ናችሁ። ከከርሰ ምድር የሚሳበው እንዳለ ሆኖ፣ የአንገረብ ግድብ ነው ሲያጠጣን የኖረው። (ወደ አትባራ የሚወርደው ትልቁ አንገረብ ሌላ ነው። የእኛው ከመገጭ ተቀላቅሎ ጣና የሚገባው ትንሹ ነው።) ስለዚህ ግድብ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ደለል ነው። ተገቢም ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት ታርሶ ታርሶ አፈሩ በየክረምቱ እየወረደ ግድቡን ሲሞላው ኖሯል። እርከን የሚሠራው፣ ችግኝ የሚተከለው ለዚህ ነው። ደለል ግን ቢያንስ በዓይን ይታያል። ውሃው ደፍርሶ ሲመጣ ማንም ያውቀዋል። ከሽንት ቤት የሚመጣው ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ብርጭቆ ውስጥ አይታይም።

ክሎሪን አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ባክቴሪያን በመግደል ጎበዝ ነው። ነገር ግን ውሃው ውስጥ ቆሻሻ በበዛ ቁጥር ክሎሪኑ እዚያ ላይ ያልቅና ለጀርሙ ሳይተርፍ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ለክሎሪን አይበገርም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሐዋሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሚልዋኪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ክሎሪን በገባበት የቧንቧ ውሃ አልፎ 400,000 ያህል ሰው አስቀምጧል። ማጣሪያና ክሎሪን ባላት ከተማ ማለት ነው። የእኛን ክሎሪን ላቃልል ፈልጌ አይደለም። ሁሉን ነገር እሱ ላይ ጥለን ከላይ ያለውን አንርሳ ማለቴ ነው።

ከግድቡ በላይ ያሉት መንደሮች ደግሞ የድሮዎቹ አይደሉም። ድሮ የገጠር ሽንት ቤት ደረቅ ነበር። ሰው ይጠቀማል፣ አመድ ይበተናል፣ ሲሞላ ይደፈናል። ውሃ ካልገባበት ያለው ነገር ከጉድጓዱ ብዙ አይርቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያስቆፈሩት ዓይነት ደረቅ ጉድጓድ፣ ከምንጭ እስከራቀ ድረስ ለአንድ ገበሬ ቤት ይበቃዋል። እኔ አልነካውም። ጣጣው የሚመጣው ውሃ ሲገባ ነው። መንገድ ገባ፣ መብራት ገባ፣ ጭቃ ቤቱ በብሎኬት ተተካ። ጣሪያው ላይ ሮቶ ወጣ። ሻወርና ባለውሃ ሽንት ቤት ተከተሉ። ቱቦው ግን የሚሄደው ወደዚያው ወደ አሮጌው ጉድጓድ ነው። እዚያው ተቀምጦ ይደርቅ የነበረው ነገር አሁን እግር አወጣ። መንገድ ዳር ያለውን ምግብ ቤት፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ጨምሩበት።

ባለፈው መስከረም አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር አስጠሩኝ። ከግድቡ በላይ፣ ጉብታ ላይ ለልጆቻቸው ቤት ሠርተዋል። ቦታው ያምራል፤ ጎንደር ከእነ ግንቧ ከሥር ትታያለች። አያ ልበላቸው፣ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያ ነው። እርሳቸው በጥልቁ ቆፍረው ሊገላገሉ አስበው ነበር። ልጃቸው ናት «መጀመሪያ ሰው ይየው» ያለችው።

የአፈር መምጠጥ ሙከራ የሚባለው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። አካፋ፣ ባልዲ፣ ማስመሪያና ሰዓት ይበቃል። ከጉልበት አለፍ የሚል ጠባብ ጉድጓድ ይቆፈራል። አካፋው የለሰነው ጎኑ በቢላ ጫፍ ይጫራል፣ ታቹ ትንሽ ጠጠር ይደረግለታል። አፈሩ እንዲጠግብ ማታ ውሃ ተሞልቶ ያድራል። ጠዋት እንደገና 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይጨመርና፣ ማስመሪያው ተተክሎ ስንት ደቂቃ ሲፈጅ ስንት እንደወረደ ይታያል።

ሁለት ቦታ አስቆፈርሁ። አንዱ ከታች፣ አጥሩ ጥግ፣ ዋልካ ላይ። ዋልካን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጥና ጫማ ያስቀራል። ጠዋት ስንሄድ ውሃው እንዳደረ ነው። ቅጠል ተንሳፍፎበታል። «ይህስ ኩሬ ነው» አሉ አያ። ሁለተኛው ከቤቱ ጀርባ ነው። አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። ባልዲውን ገለበጥሁ። ማስመሪያውን ሳስተካክል ውሃው የለም። ሌላ ባልዲ ጨመርሁ። እሱም ሹልክ አለ። አያ አጨበጨቡ።

«ተመስገን! በይ እዚህ ነው! ይህ መቼም አይሞላ!»

«አያ፣ ከሁለቱ የከፋው ይኼ ነው» አልኋቸው።

አፍጠው አዩኝ። የልጅ ልጃቸው ከኋላ ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሳሽን የሚያጠራው አፈሩ ነው እንጂ ጉድጓዱ አይደለም። ፍሳሹ አየር ባለበት አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ እዚያ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ቆሻሻውን ይበሉታል። ጀርሙም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይሞታል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ከፈጠነ አልተጣራም፤ ከቆመ ደግሞ ወደ ላይ ገንፍሎ ይወጣል። የኒው ዮርክ ግዛት ደንብ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ውሃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ1 ደቂቃ በታች ወይም ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ፣ ቦታው እንዳለ ለማስረጊያ፣ ማለትም ፍሳሹን ወደ አፈር ለማስገቢያ፣ አይሆንም። ከማስረጊያው ቦይ ሥር እስከ ዐለቱ ወይም እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ድረስ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ደህና አፈር ሊኖር ይገባል። የኒው ዮርክ ከተማ ውሃዋን በምትወስድበት ተፋሰስ ደግሞ ማስረጊያው ከወንዝ 30 ሜትር፣ ከግድብ 90 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። የአያ ቤት ከጅረቱ በደንብ ይርቃል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ዐለት ላይ ርቀት ብዙ አይረዳም። ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ ከላይ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ የት ልቆፍር?»

«የትም።»

ያን ቀን ቡና ሳይፈላልኝ ተመለስሁ። በኋላ ልጃቸው ደወለች።

ያቀረብሁላቸው ነገር አዲስ ጥበብ የለበትም። ውሃ የማያሳልፍ ባለሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የጠጠርና የሸምበቆ መደብ። የታንኩ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መካከል ላይ ያለው ፈሳሽ ብቻ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ፍሳሹ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ እንዲያርፍ ተደርጎ መጠኑ ይሰላል። መውጫው ላይ የቱቦ ቲ፣ የ«T» ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ፣ ይገጠማል። የቲው እግር ፈሳሹ ውስጥ ገባ ይላል፣ የተንሳፈፈው ቅባት እንዳያመልጥ። ይህቺን ቲ ብዙ ግንበኞች ይዘሏታል። ርካሽ ስለሆነች የማትጠቅም ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ከዚህ የባሰ ልማድ ግን አለ። ግንበኛው ግድግዳውን ልቅም አድርጎ ይለስንና ወለሉን ሳይነካው ይተዋል። አንዳንዱ ብሎኬቱን በጎኑ አስተኝቶ ቀዳዳውን ወደ አፈሩ ያዞረዋል። ሌብነት አይደለም፤ ውለታ ነው። «እትዬ፣ እንዳይሞላብዎ ትንሽ ማስተንፈሻ ትቼልዎታለሁ» ይላል። እትዬም ይመርቁታል። ስለዚህ እኔ ክዳኑ ከመደፋቱ በፊት ታንኩን ውሃ አስሞላለሁ። በጠመኔ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ያድራል። ጠዋት ውሃው ምልክቱ ላይ ካልተገኘ ግንበኛው ቀሪ ሒሳቡን አይቀበልም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ታንክ ሙሉ ውሃ ለሙከራ ማዋል እንደሚያስኮርፍ አውቃለሁ። አይደፋም እኮ፤ ክዳኑን ኮንክሪት እናጠጣበታለን።

ታንኩ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ቆሻሻውን ሲሶውን፣ ቢበዛ ግማሹን ቢቀንስ ነው። የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢመስልም ጀርሙ ብዙም አልተነካም። ሰው «ሴፕቲክ አለኝ» ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ገና ነው።

ጠጠሩ የሚመጣው ለዚህ ነው። ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደብ ይቆፈርና ታቹ በሸክላ አፈር ወይም በወፍራም ላስቲክ ይታሸጋል። የታጠበ ጠጠር ይሞላበታል። ሸምበቆ ወይም ደንገል ይተከልበታል። ፍሳሹ ከጠጠሩ ገጽ ሥር ሥሩን ይሄዳል። ላይ ስለማይታይ ትንኝ አይፈለፈልበትም፣ ሽታውም እምብዛም ነው። ሥራውን የሚሠሩት ጠጠሩ ላይ የሚጣበቁት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የተክሉ ሥር ጥቂት አየር ያቀብላቸዋል። እንደ አየሩ ሙቀት ለአንድ ሰው ጥቂት ካሬ ሜትር ይያዛል። የሚወጣው ውሃ አይጠጣም። ጠጣሩንና ሽታውን ደህና አድርጎ ይቀንሳል፣ ጀርሙንም እንዲሁ። ፎስፈረስ ላይ ግን ደካማ ነው፣ በተለይ ጠጠሩ ካረጀ በኋላ። ስለዚህ የወጣውን ወደ ጅረት አልለቅም፤ ለዛፍ ነው የምሰጠው።

ጥሩነቱ ሞተር የለውም። ሞተር ያለበት ማጣሪያ ለትንሽ መንደር ሲሰጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንድ ትምህርት ቤት አየር በሚነፋ ማሽን የሚሠራ ማጣሪያ በስጦታ ተተከለለት። ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ። መብራት ሲጠፋ ቆመ፣ መብራት ሲመጣ ሞተሩ ተቃጠለ፣ መለዋወጫው ጠፋ። አሁን የማሽኑ ቤት ኳስና መረብ ይቀመጥበታል። ሰፊ ሜዳ ላለው በተከታታይ ኩሬ ማጣራት ከሁሉም ይቀላል፤ ግን ተራራ ላይ ያለች መንደር ሜዳ ከየት ታመጣለች?

ደንገል ያልሁት ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበትን ነው። ካምፓላ ውስጥ ናኪቩቦ የሚባል የደንገል ረግረግ አለ። የከተማዋ ፍሳሽ በእርሱ በኩል አልፎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ደግሞ ከዚያው የሐይቁ ክፍል ይቀዳል። ረግረጉ እየተመነጠረ ጎደሬ ሲተከልበት የማጣራት አቅሙ እየቀነሰ ሄደ። ተክሉ ሥራ እንደሚሠራ የታወቀው ሲጠፋ ነው።

አሁን ወደ ማስመጠጡ። ታንክ በደንብ ከተሠራ ይሞላል። መሙላቱ የጤንነቱ ምልክት ነው። እንደ ቤተሰቡ ብዛት በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ መመጠጥ ይኖርበታል። ለማወቅ ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱት። ጨርቁ ላይ የጠቆረው ከጥልቀቱ ሲሶ ከደረሰ ስልክ ደውሉ። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ቱቦውን የሚዘጋው ዓይነ ምድር አይደለም። ፌስታል፣ ዳይፐር፣ ካልሲ፣ የአጥንት ስባሪ፣ አንድ ቦታ ሙሉ የጎማ ጫማ ከነ ማሰሪያው። እሱን የሚያወጡት ልጆች በእጃቸው ነው፤ ጓንት ካላቸው ዕድለኞች ናቸው። ሽታ ለማጥፋት ብለው በረኪና በጀሪካን የሚደፉትን ደግሞ እባካችሁ ተዉ በሏቸው። የሚሠሩላቸውን ባክቴሪያዎች ነው የሚገድሉት።

የተመጠጠውም መድረሻ ይፈልጋል። መኪናው የሚራገፍበት ሕጋዊ ቦታ ሩቅ ከሆነ፣ ቅርብ ያለ ሸለቆ ሹፌሩን ይጠራዋል። ያን ጊዜ የሁላችንም ድካም ባንድ ሌሊት ገደል ገባ ማለት ነው። አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት ማድረቂያ መደብ ውድ ነገር አይደለም። ፈሳሹ ይንጠፈጠፋል፣ ጠጣሩ በፀሐይ ይደርቃል። ለማዳበሪያነት ግን መቸኮል የለም። የወስፋት እንቁላል ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሰላጣ ላይም ይጣበቃል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የእኔም ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አያ ቡናውን በሁለተኛው ጉብኝቴ ሲያስፈሉልኝ እንዲህ አሉኝ፦ «የእኔ ጉድጓድ ቢውጥ እኔ ምን ጎደለብኝ? የሚጠጡት እናንተ ከተሜዎቹ ናችሁ። ውሃው ከእኛ ሥር ተነሥቶ ወደ እናንተ ይሄዳል። እኛ ከምንጭ በጀሪካን እንቀዳለን። ታንኩን ግን እኔ ልክፈል?»

ልክ ናቸው። የሚውጥ ጉድጓድ ለባለቤቱ ጥቅም ነው፣ ለጠጪው ጉዳት ነው። ባለቤቱ ወጪ አውጥቶ የራሱን ጥቅም እንዲያጠፋ መጠበቅ የዋህነት ነው። የሚከፍለው ጠጪው መሆን አለበት።

ኒው ዮርክን ደጋግሜ የማነሣው ለዚህ ነው። የከተማዋ ውሃ ዘጠና በመቶ ያህሉ ካትስኪልና ደላዌር ከሚባሉ ተፋሰሶች ይመጣል፤ የሩቁ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሳይጣራ ነው የሚጠጣው። የውሃ ማጣሪያ ገንቢ ስትባል ወጪው በቢሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ሆነ። ከተማዋ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኞቹ መንደሮች ጋር ስምምነት ተፈራረመች። ከላይ ያሉትን የፍሳሽ ማጣሪያዎች፣ የእሷ ያልሆኑትን ጭምር፣ በራሷ ገንዘብ አሻሻለች። ሴፕቲኩ የተበላሸበት አባወራ እንዲያሠራ ወጪውን ደገፈች። ማጣሪያ ላልነበራቸው ትንንሽ መንደሮች ማሠሪያ ሰጠች። በፍቅር የመጣ ነገር አልነበረም። የላይኞቹ ቂም ይዘዋል። ግድቦቹ ሲሠሩ መንደሮቻቸው ተነሥተዋል፣ መቃብር ሳይቀር ተዛውሯል። ደንብ ብቻ ተይዞ ቢኬድ በር የሚከፍት አይገኝም ነበር።

ሀብታም ከተማ ናት፣ አውቃለሁ። እኛ ውሃ ቢል ላይ «ለላይኛው ተፋሰስ» ተብሎ ጥቂት ብር ቢጨመር ቀድማ የምትጮኸው እናቴ ናት። «ውሃው ሳይመጣ ለሰው ሽንት ቤት ልክፈል?» ትላለች። ለእናቴ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ግን ገንዘቡን የምፈልገው ለትልቅ ነገር አይደለም። ከግድቡ በላይ ላሉ ቤቶች ማስመጠጥ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይሁን፤ መጀመሪያ ይኼ ብቻ ይሁን። መሙላትን የማይፈራ ሰው ወለሉን ያስለስናል። ደላላውም ሌላ የሚያወራው ይፈልጋል። ከዚያ ተርፎ ቢገኝ ለትምህርት ቤቱና ለምግብ ቤቶቹ መደብ ይሠራ፤ በአንድ ቦታ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አንገት ያስደፋል። ጎንደር ራሷ የላይኛዋ መንደር ናት። የአንገረብና የቀሃ ወንዞች ውሃ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ይሄዳል። እምቦጭ ጣና ላይ በታወቀበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የታየው በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። አረሙ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይወዳል፤ ማዳበሪያውም አፈሩም አሉበት፣ የእኛም ፍሳሽ ድርሻ አለው። ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ነው፤ ወጣቱ የሚዘልበት ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ለአያ ከተማው ይክፈልልዎ ስል፣ የጣና ዓሣ አጥማጅም ለእኛ አንድ ቀን የሚለው ይኖረዋል። ይበለን። ቢያንስ ሒሳቡ ወጥ ይሆናል።

የአያን ነገር ልጨርስላችሁ። ከተማው እስኪከፍል አልጠበቁም፤ ልጆቻቸው አዋጡ። ከጎን ያሉት ሁለት ቤቶችም ገቡበት፣ ለሦስት ሲሆን ይረክሳል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ታንክ ይኖረዋል። ከታንክ የወጣው ፈሳሽ ብቻ በቀጭን ቱቦ ወደ አንድ የጋራ መደብ ይወርዳል። ጠጣር ስለሌለበት ቱቦው ወፍራም መሆን አያስፈልገውም፣ ለቁፋሮውም አይከብድም። መደቡ የሚሠራው ያ ውሃ አላስገባም ያለው ዋልካ ላይ ነው። እርጥብ እስከሆነ ድረስ አይሰነጠቅም፤ ለማሸጊያነት ከላስቲክ አይተናነስም። የሚወጣው ውሃ ለባሕር ዛፎቹ ነው።

ገንዘቡ ላይ ተስማሙ። ቁፋሮው ላይ ተስማሙ። የተጣሉት ደንገሉ ላይ ነው። አያ መሬቱ የእኔ ስለሆነ የሚታጨደው የእኔ ነው አሉ። ሁለተኛው ጎረቤት ለጎተራ ክዳን ይሆነኛል አለ። ሦስተኛዋ እትዬ ደግሞ ላም አለቻቸው። እርጥቡን ለላም አይስጡ፣ ታጭዶ ፀሐይ ሳይመታው አይሆንም ብዬ አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ የእኔ ላም ፌስታል በልታ ዘጠኝ ወር ታልባለች» አሉኝ።

ለእሑድ ሦስት ሽማግሌ ተቀጥሯል። ደንገሉ ገና አልተተከለም።